በዘጌ መንገድ የሚሸጠው የብራና ሥዕል፦ የቱን ልግዛ፣ የቱን ልተው?

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሥቶ ጣና ዳር ዘጌ የወረደን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የቡናው ጥላ ነው፤ ቀጥለው ሻጮቹ። ከጀልባ ማረፊያው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የእግር መንገድ ግራና ቀኝ ከደንገል የተሠራ ትንንሽ ታንኳ፣ የእንጨት መስቀል፣ ዶቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ልብስ በገመድ የተሰጣ የብራና ሥዕል አለ። ይኸው ሥዕል ከተማው ውስጥ ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆችም ይገኛል። አንዱ ጋ የታየው ነገ ሌላው ጋ ስለሚታይ ይህ ግምገማ የዕቃው እንጂ የአንድ ሱቅ አይደለም።

ዕቃው ለዓይን አንድ ይምሰል እንጂ ሦስት ዓይነት ነው። አዲስ ቆዳ ላይ የተሠራ አዲስ ሥዕል አለ። ከአሮጌ መጽሐፍ በተገነጠለ ቅጠል ላይ የተሠራ አዲስ ሥዕል አለ። ከክታብ፣ ማለትም ለታማሚ ከሚጻፍ የጸሎት ጥቅል፣ ተቆርጦ የወጣ ጠልሰም የሚባል ሥዕል አለ። የመጀመሪያው፣ ሥራው ጥሩ ከሆነ፣ ያለ ሐሳብ የሚገዛ ነው። ሁለቱን ግን ተዉአቸው። ክፋቱ፣ ብዙ ጊዜ ገዢን የሚማርከው ሁለተኛው ነው፦ ቢጫ ያለ ቆዳ፣ ከሥዕሉ ዳርና ዳር ብቅ ያለ የግዕዝ ጽሑፍ፣ እዚህም እዚያም ቀይ ቀለም፣ መሐሉ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ከዘንዶው ያዳናት ብሩታዊት ከዛፉ ላይ። አዲሱ ነጭ ቆዳ ከጎኑ ሲሰቀል ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመስላል።

ከአዲሱ እንጀምር። ብራና የሚወጣው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። ቆዳው ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ የእንጨት መወጠሪያ ላይ ዙሪያውን በገመድ ይወጠራል፣ በሥጋው በኩል ያለው ስብ በስለት ይጠረጋል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በጠጉሩ በኩል ይፋቃል፣ በመጨረሻም በሻካራ ድንጋይ ይለሰልሳል። የብራና ዳማጭ፣ ማለትም ቆዳውን የሚያዘጋጀው ሰው፣ ጉልበቱ የሚያልቀው ስቡ ላይ ነው፤ ገበያ ላይ የሚታየው ጉድለትም ባብዛኛው ከዚያ ይጀምራል። ለቱሪስት ሲባል የተቸኮለበት ቆዳ ስቡን እንደያዘ ይደርቃል፣ ስብ ደግሞ ቀለም አያስይዝም። የውሃ ቀለም ላዩ ላይ ይንከባለላል። አክሪሊክ መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፤ ነገር ግን ቆዳው ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ሲለጠጥ፣ በጋ ላይ ሲኮማተር፣ ላዩ ላይ እንደ ላስቲክ የተዘረጋው ቀለም አብሮት መሄድ ያቅተውና እንደ ቅርፊት ይነሣል። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ይህ መለጠጥና መኮማተር እዚህ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ሥዕሉን ከፊት ሳይሆን ከጀርባው ማየት ጀምሩ። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ወተት የመሰለ ወጥ ብርሃን ካሳለፈ በደንብ ተፍቋል። ዘይት እንደ ነካው ወረቀት ጠብ ጠብ ያለ የሚያሳልፍ ነጥብ ካለበት ስቡ አልወጣም። ቀጥሎ አሽትቱት፤ ያለቀለት ብራና ደረቅ የቆዳ ሽታ እንጂ የከረመ ሞራ ሽታ የለውም። ጥጉን በቀስታ ስታጥፉት ኮሽ ብሎ ይመለሳል። በጠጉሩ በኩል የሚታዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የጠጉር ቀዳዳዎች ናቸው፤ ጉድለት አይደሉም። ሞላላ ቀዳዳ ቢኖረውም አትሸሹ። በጉ ወይም ፍየሉ ሲገፈፍ ቢላ ያረፈባት ትንሽ ጭረት ቆዳው ሲወጠር እንደዚያ ትከፈታለች። ዙሪያዋ በክር የተሰፋ ከሆነማ ሠሪው ለቆዳው የተጨነቀ ሰው ነው።

ስለ ሥዕሉ ጥራት ደግሞ አንድ የማይከፈልበት መንገድ አለ፦ ስትሄዱ አትግዙ፣ ስትመለሱ ግዙ። መጀመሪያ ዑራ ገብታችሁ የመቅደሱን ዙሪያ ግድግዳ ዓይናችሁ እስኪጠግብ እዩ። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ደንብ ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ከሓዲ፣ ገዳይ ወታደር፣ ሰይጣን በጎን ይሳላሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ሲመለስ ከገመዱ ላይ ደንቡን የሚያውቀውን ሠዓሊ ወዲያው ይለያል። ሰይጣኑን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት የሳለ ሰው ከፎቶ ገልብጧል ወይም ቸኩሏል።

ከሚሸጡት ታሪኮች ሁሉ ለፈተና የሚመቸው ቅዱስ ያሬድ ነው። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር የያሬድ እግር ላይ ይተክለዋል፤ ደሙ ይፈስሳል፣ ዘማሪው አልሰማም፣ ወጊውም አላወቀም። በአንድ ሥዕል ውስጥ ጥበብ፣ ከራስ መውጣትና ጉዳት ያለ ድንበር ተቀላቅለዋል። ሥራውን የሚያውቅ ሠዓሊ ታች እግሩ ላይ ቀዩን ደም ያፈስስና ላይ ፊቱን ጸጥ ያደርገዋል፤ የያሬድ ዓይን ወደ ሰማይ ነው፣ የንጉሡም ፊት አልተቆጣም። ሥራውን የማያውቀው ያሬድን በሥቃይ ያጨማድደዋል፣ ንጉሡን ጨካኝ ያደርገዋል፤ ያኔ ሥዕሉ የወንጀል ምርመራ ይሆናል። በዘጌ ግድግዳዎች ከሚታወቀው ከበላዔ ሰብም ጋር ነገሩ ያው ነው። 78 ነፍስ የበላው ሰው ለለማኝ በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ሲማር፣ ነፍሱ የምትመዘንበትን ሚዛን ትታችሁ ፊቱን እዩ። ጥሩ ሠዓሊ የበላበትንና የተማረበትን ፊት አንድ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት። ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚለው «ጋሼ፣ ይሄ የጥንት ነው፣ ጽሑፉን እዩት» ነው። እውነቱን ነው፤ ጽሑፉ የጥንት ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ግን የትናንት ነው። ከመጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል የሚታወቅባቸው ምልክቶች ግልጽ ናቸው። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ በዳሩ ላይ በተርታ የተደረደሩ መርፌ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ፈልጉ። ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ቀለም የሌለው የወስፌ መስመር ተጭኖ ተሰምሯል፤ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ይታያል። ቅጠሉ መሐሉ ላይ የታጠፈበት ስንጥቅ ካለው፣ በማጠፊያው ላይም የስፌት ቀዳዳዎች ካሉ፣ ከጥራዝ የወጣ ነው። ጽሑፉ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ከሆነ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ከተጻፈ፣ ወይም ላዩ ላይ የሐረግ ጌጥ ቅሪት ካለ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ጽሑፉ ሞላላዋን ቀዳዳ ዞሮ ካለፈ ደግሞ ቀዳዳዋ ከጸሐፊው በፊት ነበረች ማለት ነው።

ሥዕሉ ከጽሑፉ በኋላ መጣሉን ለማወቅ የስልክ ካሜራ ይበቃል። ቀርባችሁ አንሡና አጉሉት። እጅና ጭስ ያሳደፈው እድፍ ከቀለሙ በታች ከሆነ ቀለሙ አዲስ ነው። በፈረሱ ነጭ ሆድ ሥር እንደ «ወይቤ» ያለ የግዕዝ ቃል ጥቁር ጥላ ይታያል፤ ከጀርባ በብርሃን ሲታይ ደግሞ ፊደሉ ሙሉ ለሙሉ ይነበባል። ለዘመናት የተገለጠ መጽሐፍ የሚያድፈው አውራ ጣት በሚያርፍበት በታችኛው የውጭ ጥግ ነው። በአራቱም ጥግ እኩል ያደፈ፣ ትናንት በመቀስ የተቆረጠው ጠርዙ ሳይቀር የጠቆረ ብራና ግን በቡና ወይም በጭስ የተዘጋጀ ነው። ይኼኛው አዲስ ቆዳ ስለሆነ መጽሐፍ አልፈረሰበትም፤ ውሸቱ ዕድሜው ላይ ብቻ ነው። በአዲስ ዋጋ ከተሰጣችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ፣ ጭሱ ግን ለዓመታት ቤት ውስጥ ይሸታል።

«ታዲያ ሠዓሊው አሮጌውን አዲስ ሕይወት ሰጠው እንጂ ምን አጠፋ?» የሚል ክርክር አለ፤ ደካማ ክርክርም አይደለም። መፋቅና መደምሰስ በራሱ የብራና ሙያ አካል ነው። ጸሐፊ ሲሳሳት በቢላ ፍቆ ይጽፍበታል። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የሚገባበት ጊዜም አለ። በውጭው ዓለምም ሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ እ.ኤ.አ. በ1953 ከሌላው ሠዓሊ ከቪለም ደ ኩኒንግ የእርሳስና የቀለም ንድፍ ወስዶ በላጲስ አጥፍቶታል፤ የጠፋው ወረቀት ዛሬ በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እንደ ሥራ ተይዞ ይገኛል። ልዩነቱ፣ ራውሸንበርግ ሄዶ ጠይቋል፤ ደ ኩኒንግም እያወቀ፣ ሆን ብሎ ለማጥፋት የሚከብደውን መርጦ ሰጥቶታል። ጸሐፊውም የሚፍቀው የገዛ ስህተቱን ነው። ከገዳም ዕቃ ቤት የወጣ ተአምረ ማርያም ላይ ጊዮርጊስን ለሚስለው ሰው ግን ማን ፈቀደለት?

ከዚያ ይልቅ የሚቀርበው ሌላኛው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1972 ላስሎ ቶት የተባለ ሰው ሮም ቅዱስ ጴጥሮስ ውስጥ «ክርስቶስ እኔ ነኝ» እያለ የሚኬላንጄሎን የእመቤታችን ሐውልት በመዶሻ ደጋግሞ መታው። ክንዷ ተሰበረ፣ አፍንጫዋ ረገፈ። ሰውየው ለፍርድ አልቀረበም፣ የአእምሮ ሆስፒታል ገባ። ብዙ የማይወራው ግን ይህ ነው፦ ከሐውልቱ የተፈናጠረውን ስብርባሪ በአጠገቡ የነበሩ ጤነኛ ሰዎች እያነሡ ኪሳቸው ከተቱ። ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ ቀረ፤ አፍንጫው ስላልተገኘ ከጀርባዋ ከተቆረጠ እብነ በረድ እንደገና ተሠራ። የተገነጠለ ቅጠል የሚገዛ ሰው ቦታው እዚያ ነው፣ ከመዶሻው ሳይሆን ከኪሱ ዘንድ። ዘጌ መንገድ ላይ ደግሞ እብድ እንኳን የለም። ሒሳብ ብቻ ነው፦ መቶ ቅጠል ያለው ዳዊት እንዳለ አንድ ጊዜ ይሸጣል፣ ከተበተነ መቶ ጊዜ። «እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛዋል፣ ቢያንስ እኔ ጋ ይጠበቃል» የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ የተከፈለው ገንዘብ ለሚቀጥለው መጽሐፍ መቀስ ይስላል።

የአማራ ገበሬ ቤት ውስጥ ያለ ዳዊት ሁሉ በምዝገባ አልተያዘም። የገዳማቱ ግን ከፊሉ ተይዟል፦ የግዕዝ መጻሕፍት ተመራማሪው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የጣና ገዳማትን መጻሕፍት በፊልም አንሥቷል፣ የክብራን ገብርኤልንም በዝርዝር ገልጿል። እንዲህ ያለ ፎቶ ባለበት የተገነጠለ ቅጠል ከየት እንደወጣ በጽሑፉ ሊታወቅ ይችላል፤ ሥዕል ከተጫነበት በኋላ ግን የሚነበበው ግማሹ ነው። ጉዳቱ ቅጠሉ መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን ማንነቱም መደምሰሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ክታቡ፣ የበለጠ ያሳዝናል። ክታብ ቀድሞውኑ ከዕብደት ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። ደብተራው ብራናውን በታማሚው ቁመት ልክ ይቆርጣል፣ ቁርጥራጩን በጠፍር ያያይዛል፣ ዓይነ ጥላንና ባርያ የተባለውን መንፈስ የሚያርቅ ጸሎት፣ የቅዱስ ሱስንዮስንና ሕፃናት ገዳይ የተባለችውን የውርዝልያን ታሪክ በታማሚው የክርስትና ስም ይጽፍበታል። በጽሑፉ መካከል ጠልሰም ይገባል፦ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ በመስቀልና በጨረር የተከበበ ፊት፣ ዓይን በዓይን ላይ። ታማሚው ያንን ዓይን ሲያይ በእርሱ ውስጥ ያለው መንፈስም ያይና ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። ሥዕል እንዲያምር ሳይሆን የተናወጠን ሰው እንዲመልስ የተሠራበት ነው። (ዕውቀትና ዕብደት ጎረቤት መሆናቸውን ጎጃም ሁልጊዜ ያውቀዋል። ለቅኔ ተማሪ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ስለሚጠጣው፣ ከልኩ ካለፈ ያሳብዳል ስለሚባለው አብሾ ያልሰማ የለም፤ ዛሬም ቁጡ ሰው ሲታይ «አብሾ አለበት» ነው የሚባለው።)

ሻጩ ከዚህ ሁሉ የሚፈልገው ዓይኑን ብቻ ነው። ጥቅሉ ሁለት ሜትር ሊጠጋ ይችላል፣ ፍሬም ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ጠልሰሞቹ በመቀስ ተቆርጠው በካርቶን ላይ ይለጠፋሉ፣ የሰውየው ስም ያለበት ጽሑፍ ይጣላል። የተቆረጠ ጠልሰም በቀላሉ ይታወቃል፦ ስፋቱ አንድ መዳፍ ያህል ነው፣ ላይና ታቹ በቀጥታ የተቆረጠ ነው፣ በጠርዙ ላይ ግማሹ የተቆረጠ የፊደል መስመር ይቀራል፣ ዘመኑን ሁሉ ተጠቅልሎ ስለኖረ ደግሞ ስትለቁት ይጠቀለላል። አዲስ የተሠራ ጠልሰም አይጠቀለልም፣ ጠርዙ ላይም ግማሽ ፊደል የለውም፤ ጠልሰም የምትወዱ ከሆነ ያንን ግዙ። እግረ መንገድ፣ ጀርባው ላይ ጭቃና ጭድ የተጣበቀበት የጨርቅ ሥዕል ማንም ቢያመጣላችሁ ወደ ኋላ በሉ። በጣና ዙሪያ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ በጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጭቃ የያዘ ጨርቅ ከግድግዳ የተላጠ ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ አየር ማረፊያ ላይ አሮጌ የሚመስል ብራና ሁሉ ጥያቄ ያስነሣል። አዲስ ሥራ የገዛችሁም ብትሆኑ ደረሰኙ ላይ «አዲስ ሥራ» ተብሎ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ እንዲጻፍ አድርጉ፣ ሠዓሊው በጀርባው ይፈርም። ይህን ለማድረግ የሚያቅማማ ሻጭ ዕቃውን ራሱ መስክሮበታል። አሮጌ ቅጠል በብዛት የሚቀርብበት ቦታ ካያችሁ፣ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያለው እዚያው ባሕር ዳር ነው።

ትእዛዝ ማሠራት ከገመድ ላይ ከመግዛት ይሻላል። ሠዓሊውን አግኝታችሁ መጠኑን በሴንቲሜትር ንገሩት፣ ታሪኩን ምረጡ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ቆዳውን ባዶውን ሳለ በብርሃን እዩት። ዋጋ ስትከራከሩ በቆዳው ላይ አትከራከሩ፤ ብራና ዳማጩ ቀድሞ ተከፍሎታል፣ እያሳነሳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የሚቀነሰው የሚቀጥለው ቆዳ የመፋቂያ ጊዜ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ባሉት ሰዎች ቁጥር መከራከር ይቻላል፤ አሥር ፊት ያለው ሥዕል ከሁለት ፊት የበለጠ ቀን ይወስዳል።

ደረጃ ብንሰጥ፣ በደንብ የተፋቀ አዲስ ቆዳ ላይ ደንቡን ጠብቆ የተሣለ ሥራ ከአምስት አራት ያገኛል፤ አንዱ የሚቀነስበት ብዙ ሻጮች ከፀሐይ ስለማያስጠልሉት ቀለሙ ሳይሸጥ ስለሚደበዝዝ ነው። ስብ የቀረበት ከአምስት ሁለት። በጭስ ያረጀው አንድ ተኩል። የተገነጠለው ቅጠልና የተቆረጠው ክታብ ደረጃ አይሰጣቸውም።

ቤት ከገባ በኋላ ብራናን የሚያጠፉት ሦስት ናቸው፦ ሙጫ፣ መስታወትና ሙቀት። በሙጫ ካርቶን ላይ አታስለጥፉት፤ ቆዳው መላወስ ሲያቅተው ይሰነጠቃል ወይም ይጨማደዳል። ፍሬም ሠሪው አራቱን ጥጎች በወረቀት ማእዘን ይያዘው፣ በመስታወቱና በቆዳው መሐል ጥቂት ሚሊሜትር የሚያርቅ እንጨት ያስገባ፤ የተጣበቀ መስታወት በክረምት ላብ ያወጣል፣ ሻጋታው ከዚያ ነው። የተጠቀለለውን ለማቃናት ካውያ የሚያስነካ አለ። ካውያ የነካው ብራና ይኮማተራል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ከባድ መጽሐፍ ሥር ለሳምንት ማስተኛት ይበቃል።

ለመመለሻው መንገድ ሥዕሉን ሳትጠቀልሉ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከላይ ፌስታል አልብሱት፤ ከተማ ስትደርሱ ፌስታሉን ወዲያው አውልቁ። ጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉም ውሃ ይረጫል። ጀልባው ላይ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጎን ተቀመጡ፣ ካርቶኑንም ከወለሉ አንሥታችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጉት፤ የጀልባ ወለል ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ አያጣም።